ካርዱን ያስቀመጡት እማማ ናቸው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከድሬዳዋ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። የሰዎቹን ስም ጸሐፊዋ አልጻፈችውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

«እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ሴት አያቴ፣ እኛ እማማ ነበር የምንላት፣ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ የብረት ሳጥኗን የማስተካከሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከነጠላዎቿ ሥር በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። የወንድ አያቴ፣ የአባባ፣ የምድር ባቡር የሥራ መታወቂያ ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ፎቶው ራሱ አባባ ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። ስሙ ግን የእሱ አይደለም። እኛ የምናውቀው ‘ገብረ’ ብሎ የሚጀምር ስም ነው። ካርዱ ላይ ያለው ግን ከነአባቱ የሙስሊም ስም ነው። የተቀጠረበት ቀን 14/3/1947 ይላል። እማማና አባባ የተጋቡት በጥር 1946 ነው፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ካገባት በኋላም በሌላ ስም ይኖር ነበር ማለት ነው። አታሏት ነበር?

ከካርዱ ጋር የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። ጸጉሯ ከጆሮዋ ኋላ በሁለት በኩል ተጠቅልሎ በመረብ ነገር ተሸፍኗል። ከጀርባው በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያ ሚስቱ ትሆን? ደግሞ አባባ በዓመት በዓል ሥጋ አይበላም ነበር። ‘ጨጓራዬ አይችለውም’ ይል ነበር። አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ሌላ ትርጉም ይሰጠኛል። አጎቴን ባሳየው ‘የሞተ ሰው አትቀስቅሺ፣ መልሰሽ አስቀምጪው’ አለኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊትም አለባት። ልንገራት ወይስ ልተወው? የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልለጥፈውና ሁሉም አንድ ላይ ይወቀው ብዬም አስቤ ነበር። እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሞተ ሰው ልብስ ማጠፍ ብቻውን ሐዘን ነው፤ አንቺ ደግሞ በላዩ ይህ ተጨመረብሽ።

የጠየቅሽኝን ቶሎ ልመልስልሽ። አዎ፣ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ግሩፑ ላይ ግን አትለጥፊው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ አባባን ከአንድ ክስ ነፃ እናውጣቸው።

ቀኑን እንደገና ተመልከቺው። 14/3/1947ን አንቺ ኅዳር 14 ቀን 1947 ዓ.ም. ብለሽ አነበብሽው። በእኛ ቆጠራ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነውና ማንም ሰው እንዲያ ያነበዋል። ካርዱ ግን የፈረንሳዮች ካርድ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እኛ ሜዳ ላይ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋም ከተማ መሆን የጀመረችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የኩባንያው ወረቀት የሚጻፈው በፈረንሳይኛ፣ የሚቆጠረውም በፈረንጅ ቀን ነበር። ስለዚህ የአባባ ካርድ የሚለው ማርች 14 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ መጋቢት 5 ቀን 1939 ዓ.ም. ይሆናል።

እስቲ ቁጠሪው። አባባ ምድር ባቡር የገቡት እማማን ከማግባታቸው ሰባት ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። «ካገባት በኋላም በሌላ ስም ይኖር ነበር» ያልሽው እዚህ ላይ ወደቀ። ካርዱ የሚነግርሽ አንድ ወጣት እማማን ገና ሳያገባ በዚያ ስም መቀጠሩን ብቻ ነው።

ይህን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራዋል። ቤተሰብ የተጣላበትም አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ቀን ያለበት ወረቀት ባገኘሽ ቁጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ባለው 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ባለው 8 ዓመት ቀንሺ። ከፎቶው ጀርባ ካለው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አሥራ ሦስት መቶ ምናምን የሚል ቁጥር ካለ፣ ያ የሂጅራ ዓመት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ መጋቢት 1939 በሂጅራ 1366 ላይ ይውላል። ሦስት አቆጣጠር ባለበት አገር ነው የምንኖረው። ቀን አይተሽ ከመደንገጥሽ በፊት የማን ቀን እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘኝ ካርዱ ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ነው። አባባ የደበቁት ነገር ቢሆን ኖሮ ምን ሊሠራ ከእማማ ነጠላ ሥር ገባ? ሳጥኑ የእማማ ነው። ቁልፉም ያለጥርጥር አንገታቸው ላይ ወይም መቀነታቸው ውስጥ ነበር። በጨርቅ የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው። አባባ ካረፉ በኋላም ሊጥሉት፣ ሊያቃጥሉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የሴትየዋንም ፎቶ አልቀደዱም። የተታለለች ሴት የባሏን የመጀመሪያ ሚስት ፎቶ ከክት ነጠላዋ ጋር አታስቀምጥም። ፎቶውም የሚስት ላይሆን ይችላል።

እማማ ያውቁ ነበር፣ እህቴ። እኔ እንዲያ ነው የማምነው።

ስለ ስሙም ትንሽ ልበል። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ሁለት ስም ይዞ የኖረ ሰው ብርቅ አይደለም። ባቡሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። ከዚያ የሐረር፣ የጨርጨር፣ የአይሻ፣ የሸዋ ልጅ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ወረደ። የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱም መጣ። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሃይማኖት ይኖር ነበር፤ ዛሬም አለ። በዚህ መሀል የተዋደዱ ሰዎች ተጋብተዋል። ለጋብቻ ብሎ ክርስትና የተነሣ አለ፣ ለጋብቻ ብላ የሰለመችም አለች። ክርስትና የሚነሣ ሰው አዲስ ስም ይወጣለታል። የክርስትና አባቱን ስም እንደ አባት ስም ይዞ የቀረም አለ። ስለዚህ አባባ በ1939 እና በ1946 መካከል ባሉት ዓመታት ክርስትና ተነሥተው ሊሆን ይችላል። ሌላ መንገድም ሊኖር ይችላል። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ባሳዳጊው ስም የሚጠራበት ጊዜ ነበር። በሌላ ሰው ወረቀት ሥራ የገባም ሰው አለ፤ ፎቶው የራሱ፣ ስሙ የሌላ። ካርዱ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሰው ነው።

የሥጋውን ነገር ግን ተይው። ምናልባት ትክክል ነሽ፤ እርድ ከባድ ነገር ነው፣ እምነት ቢለወጥም አፍ ቶሎ አይለምድም። ምናልባት ደግሞ እውነትም ጨጓራቸውን ያማቸው ነበር። አንድ ወረቀት ካገኘን በኋላ የሰውየው ሳል እንኳ ምስጢር መስሎ ይታየናል። አባባን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። እጃቸውን፣ ድምፃቸውን ታውቂያለሽ። ያን ካርድ አይቀይረውም።

የሴትየዋ ፎቶ። ጸጉሯ ከጆሮዋ ኋላ በሁለት ተጠቅልሎ በመረብ ከተሸፈነ፣ ያ የሐረሪ ሴቶች አሠራር ነው፤ መረቡን ጉፍታ ይሉታል፤ ያገባች ሴት ናት የምታስረው። ስለዚህ ያገባች ሴት ናት ብለን መገመት እንችላለን። ማንን እንዳገባች ግን ፎቶው አይናገርም። እናታቸው ልትሆን ትችላለች። ታላቅ እህታቸው ልትሆን ትችላለች። አክስት፣ አሳዳጊ ልትሆን ትችላለች። «የመጀመሪያ ሚስት» የሚለውን ቃል ለማንም ሳትናገሪው በፊት ከራስሽም አፍ አውጪው። አንዴ ከተነገረ አይመለስም።

ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍም በዓረብኛ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ዓረብኛ ነው ማለት አይደለም። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን በዚሁ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ኦሮምኛም ተጽፎበታል። ዓረብኛ የሚያነብ ጎረቤት «ትርጉም የለውም» ቢልሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት፣ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አለ። ብዙ የብራናና የወረቀት ጥንታዊ ጽሑፎች ተሰብስበው የሚገኙበት ነው። እዚያ ሄደሽ የድሮ እጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ብትጠይቂ የሚመራሽ አታጪም። ይህ ግን ከእናትሽ በኋላ ነው። መጀመሪያ እናትሽ።

ግሩፑ ላይ አትለጥፊ ያልኩሽ ከራሴ ስለማውቀው ነው። ልንገርሽ።

አባቴ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደግምበትን ዳዊት ከፈትኩ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የልጆቹን ልደት ጽፎበታል። የብዙ ሰው ቤት ልማድ ነው፤ በሰማያዊ ቀለም፣ በደንብ እጅ ጽሑፍ፣ ቀን፣ ስምና የክርስትና ስም። እኛ አራት ነን። ገጹ ላይ አምስት ስም አለ። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ። ግንቦት 1969 ተወለደች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ከስሟ ጎን በእርሳስ፣ በጣም ትንሽ አድርጎ፣ «ዐረፈች» ብሏል። እርሳሱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

እኔ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። በፋሲካ ማዕድ ላይ፣ ወንድሞቼ ከነሚስቶቻቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዳዊቱን አንሥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ ተነሣች። ምንም አልተናገረችም። ወጥ ቤት ገባችና በሩን መለስ አደረገችው። እንግዶቹ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ማታ ገብቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስለነገርሽ አይደለም» አለችኝ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት አወራችልኝ። ልጅቷ ክርስትና በተነሣች በሁለተኛው ሳምንት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ በር ላይ ደረሰ፤ ነሐሴ ላይ ነው። ሕፃኗ በዚያው ሰሞን ታመመች። በዚያ ግርግር ሐኪም አልተገኘም። እናቴ የሕፃኗን ሹራብ ቀለም ሳትቀር ነገረችኝ፤ ቢጫ ነው፣ አንገቱ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው። ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመታት ይዛው ኖራለች። ሰው እንዲጠይቃት ትፈልግ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት፣ ዶሮ ወጥ ፊት ለፊት መሆኑ ነው ያቆሰላት። ዛሬም ያንን በር ሳስበው ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው ቴሌግራም ላይ አይሁን የምልሽ። እናትሽ የአባታቸውን ስም ከልጅ ልጆቹ እኩል፣ ከአማቾቹ እኩል፣ ስልክ ላይ ማንበብ የለባቸውም። የእሳቸው አባት ናቸው። መጀመሪያ ማወቅ የእሳቸው መብት ነው። ሌላው ማን ይወቅ፣ መቼ ይወቅ የሚለውንም እሳቸው ይወስኑ።

እንዲህ አድርጊ። ተራ ቀን ምረጪ። በዓል አይሁን፣ የሙት ዓመትም አይሁን። ፀሐይ በረድ ሲል፣ ቡና ሲፈላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን አረጋግጪ። ካርዱን ቀድመሽ አታውጪ። ጠይቂያቸው ብቻ፦ «እማዬ፣ አባባ በልጅነቱ ማን ነበር የሚባለው?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታውን አንቺ አትሙዪው።

እኔ እንደምገምተው እናትሽ ካንቺ የበለጠ ያውቃሉ። የእሳቸው ዕድሜ ሰዎች ልጅ ሆነው ከጓዳ ብዙ ሰምተዋል፤ «ልጅ አይናገር» ስለተባሉ ነው ዝም ያሉት። ከተናገሩ አድምጪ። ከፈቀዱልሽ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂው፤ በኋላ ትፈልጊዋለሽ። «የምን ጥያቄ ነው?» ካሉሽ ካርዱን በጨርቁ እንደተጠቀለለ እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። «ከእማማ ሳጥን ነው» በያቸው። ይህች ቃል አትቅር። እማማ ያቆዩት ነገር መሆኑን ሲያውቁ ፍርሃታቸው ይቀላል። «ተይኝ» ካሉሽ ደግሞ ተያቸው። ሌላ ቀን አለ።

አጎትሽ ላይ አትቆጪ። «የሞተ ሰው አትቀስቅሺ» የሚል ሰው አንዳንዴ ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ። የፈራው የቤትና የውርስ ነገር ከሆነ ደግሞ ለብቻው የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ፤ ከዚህ ጋር አታደባልቁት።

እናትሽ እሺ ካሉና ፍለጋውን ለመቀጠል ከፈለጋችሁ፣ ቶሎ ጀምሩ። ወረቀቱ አይሞትም፣ ሰዎቹ ናቸው የሚሞቱት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በአባባ ዘመን የተወለደ ሰው የልደት ወረቀት አለው ብለሽ አትድከሚ። የአባባን ሚዜዎች ጠይቂ፤ እነሱ ባይኖሩ ልጆቻቸውን። ሚዜ የሙሽራውን ቤተሰብ ማን እንደነበር ያውቃል። ማን ሽማግሌ ሆኖ እንደተላከ፣ ከወንዱ ወገን ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ያስታውሳል። ክርስትና ተነሥተው ከሆነ የክርስትና አባታቸው ማን እንደነበር አጣሪ፤ ዋናው ፈትል እሱ ነው። ከዚራ አካባቢ ያሉትን የምድር ባቡር ጡረተኞች አትርሺ። ካርዱ ላይ ያለውን የሠራተኛ ቁጥርና የሥራ ክፍል አሳያቸው። አተልዬ (የባቡሩ መጠገኛ) ውስጥ የሠሩ ሰዎች የባልደረባቸውን የቅጽል ስም ሳይቀር ይዘውታል።

ካርዱን ስታነቢ ሁለት ነገር ልብ በይ። ከትውልድ ዓመቱ በፊት «ቬር» የሚል ቃል ካለ «ገደማ» ማለት ነው፤ ዓመቱ ግምት ነው። «ፊስ ደ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአባታቸው ስም ነው። ስሙንም እንደ እንግሊዝኛ አታንብቢው። «ch» ተብሎ የተጻፈውን እንግሊዝኛ «ች» ሲለው ፈረንሳይኛ «ሽ» ነው የሚለው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ሐረር ሄደሽ የተሳሳተ ስም ይዘሽ ብትጠይቂ ማንም አያውቀውም።

ሐረር ስትሄዱ ከእናትሽ ጋር ሂዱ። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያን አልፋችሁ በግማሽ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ እንደ እኛ እድር በለቅሶም በሠርግም የሚደራረሱበት ነው። የእገሌ ልጅ ማን እንደሆነች፣ ማን የት እንደሄደ የሚታወቀው እዚያ ነው። ፎቶውን ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ የጁገል እናት አሳዩ። ግን እጃችሁን ዘርግታችሁ «ዘመዶቻችን ናችሁ» ብላችሁ አትግቡ። ለእነሱም ቁስል ሊሆን ይችላል። እነሱ ወገን ልጁ የሄደባት እናት ልትኖር ትችላለች፤ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ወይም ስሙ እንዳይነሣ የተባለ። «ይህችን ሴት የሚያውቃት ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጀምሩ። አቅርቡልን ሳትሉ ቡና ቢያቀርቡላችሁ ጠጡ። መልሱን በዚያው ቀን ባታገኙ ስልካችሁን ትታችሁ ተመለሱ። የተገኘው ሰው ምንም ባይፈልጋችሁ እንኳ አክብሩት።

ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱንና ፎቶውን በሁለቱም ገጽ በስልክ አንሺ፣ ሌላ ቦታም አስቀምጪ። ዋናውን ላሚኔት አታስደርጊው፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ስቴፕል ካለበት አትንቀዪው።

ጨርቁንም አትጣይው። አንቺ «ቁራጭ ጨርቅ» ብለሽ አልፈሽዋል። ከምን ልብስ እንደተቀደደ እናትሽ ሊያውቁ ይችላሉ።